ዳክስፎርድ የሚገኘው የአሜሪካ አየር ሙዚየም፦ በቢ-52 ልክ የተሠራ ቤት

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ አቅራቢያ ያለውን ይህን ሕንፃ የነደፈው ኖርማን ፎስተር ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን በ1998 የብሪታንያን ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ስተርሊንግን፣ ወስዷል። ልኩ የተወሰደው ከቢ-52 ቦምብ ጣይ ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ሜትር ስለሆነ፣ 90 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ጣሪያ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም። ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ከጣሪያው ስለተንጠለጠሉ ወለሉ ለትልልቆቹ ተርፏል።

ኃይል የሚቆጥበው በክብደቱ ነው። ጣሪያው ድርብ ኮንክሪት ነው፣ ሕንፃውም በከፊል መሬት ውስጥ ስለገባ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ቶሎ አይዘልቀውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ቆሞ የሚቀመጥ አውሮፕላንን የሚበላው እርጥበት ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው (ማለትም ሊይዝ ከሚችለው ውኃ ግማሹን የያዘ) አየር፣ ወደ 9 ዲግሪ የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በተራ የቆርቆሮ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ውስጥ ማለዳ ከክንፍ ሥር የሚንጠባጠበው ይኸው ነው። ውኃው አሉሚኒየሙ ከብረት ብሎን ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ይተኛል፤ ቀለሙ አብጦ ሲታይ ውስጡ ተበልቶ ቆይቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰፊ አዳራሽ ከማሞቅ ይልቅ አየሩን አድርቆ ከ50 በመቶ በታች መያዝ ያዋጣል። ማድረቂያውን ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ፦ አየር እያቀዘቀዘ የሚሠራው ዓይነት ብርድ ቤት ውስጥ ቱቦው በረዶ ይይዛል፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለው ይሻላል።

ቅር የሚያሰኘው የፊት ለፊቱ መስታወት ነው። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን የቀን ብርሃን የአብራሪውን ክፍል ግልጽ ፕላስቲክ ያደበዝዛል፣ ጎማ ይሰነጥቃል፣ ጨርቅ ያሳሳል። ለጨርቅ የተለመደው የሙዚየም ወሰን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ጥርት ባለ ቀን ከመስታወት ጀርባ ያለው ብርሃን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የአልትራቫዮሌት ማጣሪያና መጋረጃ የግድ ናቸው። ሌላው ችግር መውጫ ነው፤ ትልቅ አውሮፕላን ለማስወጣት መስታወቱን መንቀል ያስፈልጋል። አዲስ የሚነድፍ ሰው ከመጀመሪያው ሰፊ ተንሸራታች በር ያስገባ።

ሲሚንቶው ሲመረት ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦንም ቀላል አይደለም። እዚያው ግቢ ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀሩ፣ ጣሪያቸው በእንጨት የተዋቀረ ሃንጋሮች ቆመዋል። እንዲህ ያለ ቤት ካለ የበሩን ክፍተት ዘግቶ፣ ጣሪያውን ሙቀት በሚከላከል ነገር ሸፍኖ መጠቀም ከአዲስ ግንባታ ይቀድማል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣልያን ለተመለሰችው ለ«ፀሐይ» ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን 90 ሜትር ጣሪያ አያስፈልግም። የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት በሰፊው በሚራራቅበት በአዲስ አበባ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የማይገባበት ክፍል ይበቃታል። ክብደቷ በጎማዋ ላይ ሳይሆን በድጋፍ ላይ ይረፍ፤ የእርጥበት መለኪያውም ግድግዳ ላይ ሳይሆን ክንፏ ሥር ይቀመጥ።