ለሉና ፓርኩ ፍሬን ያዥ ምስጋና ይድረስልኝ

ሜልቦርን ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሴንት ኪልዳ፣ ሉና ፓርክ ውስጥ ባለው አሮጌ የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ቁልቁል በሚሮጠው የመዝናኛ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዘውን ሰውዬ ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚህ በፊት ልጄን ሌላ መዝናኛ ቦታ ወስጃት ነበር። ስሙ ይቅር። ብረቱ ጭኗ ላይ ሲዘጋ ፈራችና «ልውረድ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። መጫወቻውን የሚያስነሳው ልጅ ማስቲካውን እያኘከ ቀና ብሎም አላያት። ለቀቀው። ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል። ኃላፊ ጥሩልኝ ብል አንዷ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ስልክ ቁጥር መራኝ። ስልኩን የሚያነሳ የለም። ገንዘቡስ ይቅር፤ ልጄ ከዚያ ወዲህ ሊፍት እንኳ አልገባም አለች። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ታዲያ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣችና ባሕር ላሳያት ብዬ በ96 ቁጥር ትራም ይዣቸው ሄድኩ። የሉና ፓርክ መግቢያ አፉን የከፈተ ትልቅ ፊት ነው። እማዬ ገና ስታየው አማተበች። ልጄ ደግሞ ሮለር ኮስተሩን ከታች ሆና ታያለች፣ እጄን ግን አትለቅም።

ሰውየው አያት። ጎንበስ አለና የፍሬኑን እጀታ አሳያት። «ይሄ የሚታዘዘው ለእኔ ነው፤ እኔም አብሬሽ ነው የምሄደው» አላት። እውነቱን ነው። እዚያ ፍሬን ያዡ ባቡሩ መሃል ላይ ቆሞ አብሮ ይጓዛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እንዴት እንደሆነ አስረድቶኝ ነበር፣ አልገባኝም። ቀጥሎ ያላት ነገር ነው ያስለቀሰኝ፦ «ካልፈለግሽ ዛሬ አትሳፈሪ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።» ማንም አልገፋትም። አንዱ ባቡር ዞሮ ሲመለስ ቆማ አየች፣ ከዚያ ራሷ ጎተተችኝ። አጠገቡ አስቀመጣት።

ይሄ ባቡር ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1912 ነው። አስቡት፣ ያኔ እምዬ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ! እንጨቱ እየተንቋቋ ፓርኩን ዙሪያውን ይዞራል፣ ላይ ስትደርሱ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል። ቁልቁል ሲወርድ እኔ «ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮኽኩ። ልጄ ግን ዓይኗን ከሰውየው እጅ አልነቀለችም። እጀታውን በሳበ ቁጥር «ያዘው! ያዘው!» እያለች ትስቃለች።

ስንወርድ እማዬ በእንግሊዝኛ ፋንታ እጁን በሁለት እጇ ይዛ «ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ» ብላ መረቀችው። ምኑም ሳይገባው ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ሰው ስንቴ ይገኛል?

ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ በተለይ ፈሪዎቹን። ባቡሩ ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ ስላለ ክፍት መሆኑን ሳታጣሩ ከቤት አትውጡ። አለቃው ይህን የሚያስተረጉም ሰው ካገኘ ደግሞ፣ እባክህ ደመወዙን ጨምርለት።