ኢላፕሬዝ፦ ለልጄ ምን ሰራለት፣ የቱ ጋ አልደረሰም

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሀንተር የሚባለው በዘር የሚመጣ ሕመም ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። ስለ መድኃኒቱ ስለ ኢላፕሬዝም፣ ቤት ድረስ መጥቶ ስለሚሰጠው አገልግሎትም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ የልጄን ሆድ ልንገራችሁ። ጉበቱና ጣፊያው አብጠው ሱሪው አልቆለፍ ብሎ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረ ከወራት በኋላ ሆዱ ጎደለ። አሁን የአፓርታማችንን ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል። በ96 ታካሚዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ለዓመት ያህል በየሳምንቱ የወሰዱት በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ካልወሰዱት ይልቅ በአማካይ በ35 ሜትር ገደማ የበለጠ ጨምሯል። 35 ሜትር ትንሽ ይመስላል። ልጁን አዝሎ ፎቅ የሚወጣ አባት ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

እንዴት ይሰራል? የልጄ ሴሎች ሄፓራንና ደርማታን ሰልፌት የሚባሉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችን ለማፍረስ የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም (ሥራ የሚሰራ ፕሮቲን) የላቸውም። ሰንሰለቶቹ ላይሶዞም በሚባለው፣ ሴሉ አሮጌ ነገር በሚያፈርስበት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ኢላፕሬዝ የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ ነው። ታዲያ በደም ሥር የገባ ኢንዛይም ሴሉ ውስጥ፣ ያውም ላይሶዞሙ ድረስ እንዴት ይገባል?

ሴሎች ከሚሰሩት ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ ጎረቤት ሴል ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ኑፌልድና ባልደረቦቻቸው የሀንተርና የሀርለር (ሌላ ተቀራራቢ ሕመም) ታካሚዎችን የቆዳ ሴሎች ቀላቅለው አሳደጉ። ለአንዱ የጎደለው ሌላው ጋ ስለነበረ የሁለቱም ክምችት ቀነሰ። ይህ የተሰራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ ነው፣ እኛ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ። ባለፍኩ ቁጥር ምርምሩ የተሰራበትን ግቢ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። በኋላ ላይ የመግቢያ ምልክቱም ታወቀ፦ ማኖስ-6-ፎስፌት። ይህ ምልክት ያለበትን ኢንዛይም የሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ ይዞ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢላፕሬዝም በዚሁ በር ነው የሚገባው።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። መጠኑ በኪሎ ግማሽ ሚሊግራም ነው። ልጄ 24 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ብልቃጥ ይወስዳል። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል የጀመርነው ሆስፒታል ነው፤ ይህን ማንም አይዝለለው። በፊት 3 ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ ሰውነቱ ሲለምደው 1 ሰዓት ሆነ። እናቴ ዛሬም ድረስ «ግሉኮሱ አለቀለት?» እያለች አጠገቡ ትቀመጣለች።

በኋላ ቤታችን መጥቶ ይሰጥ የነበረው የመጀመሪያው ድርጅት በየጊዜው አዲስ ነርስ ይልክብን ነበር። አንዷ ብልቃጡን ስትንጠው አየሁ። መናጥ ክልክል ነው፤ ፕሮቲን ነው፣ ይበላሻል። ስልክ ብደውል የሚሰማኝ አጣሁ፣ ድርጅቱን ቀየርን። አሁን የምትመጣው እህታችን ብልቃጡን ቀስ አድርጋ ነው የምታገላብጠው። ልጁም ስሟን ጠርቶ በር ይከፍትላታል። ድርጅት ስትመርጡ አንድ ቋሚ ነርስ ጠይቁ።

አንዱን ኮከብ ያስቀረሁት መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ስለማይገባ ነው። የደም ሥሮቹ ግድግዳ አያሳልፈውም። የኔ ልጅ ቀለል ያለው ዓይነት ስላለው ትምህርቱን ይከታተላል። ከባዱ ዓይነት ላለባቸው ልጆች ግን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 ኢዝካርጎ የሚባል፣ ያንን ግድግዳ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሰራ ኢንዛይም ፈቅዳለች። ልጃችሁ ከባዱ ዓይነት ካለበት፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙን ስለዚህ ዓይነት መድኃኒትና እየተደረጉ ስላሉ ጥናቶች ጠይቁት።