ማስጠንቀቂያ፦ «ኦሪጅናል ናፍጣ» እየተባለች ለምትሸጠው የድሮ ማርቼዲስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የድሮ ማርቼዲስ፣ በተለይ 123 የምትባለውን፣ ለመግዛት የምታፈላልጉ ሁሉ እባካችሁ ተጠንቀቁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆኗል። ከዚያ መሃል «ናፍጣ ናት፣ ሞተሯ አይሞትም» የተባለችው ከቤንዚኗ በላይ ዋጋ ይጠራባታል። ግን ናፍጣ ተብላ የምትቀርበው ሁሉ ናፍጣ ሆና ከፋብሪካ የወጣች አይደለችም። ሞተሯ ያለቀ የቤንዚን ሞዴል፣ 200 ወይም 230 የምትባለው፣ ሌላ የናፍጣ ሞተር ተጭኖባት፣ ቀለም ተቀብታ፣ ከኋላዋ «240 ዲ» የሚል የናፍጣዋ ሞዴል ስም ተለጥፎባት ትመጣለች። ያ ጽሑፍ ማንም የሚለጥፈው ጌጥ ነው፤ አትመኑት።

የምትታመነው ሻንሲዋ ናት። ኮፈኑን አስከፍቱና የሻንሲ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ በ123 የሚጀምሩት ስድስት አሃዞች መኪናዋ ምን ሆና እንደተሠራች ይናገራሉ። 123123 ከሆነ 240 ናፍጣ፣ 123130 ከሆነ 300 ናፍጣ፣ 123120 ከሆነ 200 ናፍጣ ናት። 123020 ወይም 123220 ካያችሁ ግን ቤንዚን 200 ናት፤ 123023 ቤንዚን 230፣ 123223 ደግሞ 230 ኢ፣ እሷም ቤንዚን ናት። ከዚያ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር ፈልጉ። የ240 ናፍጣ ሞተር በ616፣ የ300 በ617፣ የ200 ናፍጣ በ615 ይጀምራል። 2ኤል ወይም 3ኤል የሚል ካገኛችሁ የቶዮታ ሞተር ነው። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከተላገ ወይም አዲስ ቀለም ከተቀባ እዚያው ላይ አቁሙ። ሁለቱን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ማዞር ላይ የምትንገላቱት እናንተ ናችሁ፤ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል።

ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ቢመዘገብ እንኳ ፍሬኑን ሳታዩ አትለፉ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚያፍን ቫልቭ ስላለው የፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን የሚያቀለው ክፍል) የሚፈልገውን ቫኪዩም፣ ማለትም አየር የመምጠጥ ኃይል፣ ራሱ ይሰጣል። የናፍጣው ሞተር ይህ ስለሌለው የግድ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ቅየራው በርካሽ ሲሠራ ፓምፑ ይረሳል፣ ወይም የደከመ ይገጠማል፤ ያኔ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ እርገጡ፤ ሲጠነክር እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱ። ፔዳሉ በእግራችሁ ሥር ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ 1.4 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት ቁልቁለት ላይ የምታቆሙት በጉልበታችሁ ብቻ ነው።

ዳሽቦርዱንም እዩ። ናፍጣ ሆና የተሠራችው ላይ ቁልፉ ሲዞር የተጠማዘዘ ሽቦ የሚመስል የካንዴሌታ (ናፍጣው እንዲነሳ ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው) መብራት ይበራል። ቤንዚን ከነበረች ያ መብራት የለም፤ በምትኩ የሆነ ቦታ የተቀጠለ ማብሪያና ማጥፊያ ታገኛላችሁ። ሞተሩን ለማጥፋት በሽቦ የሚሳብ ነገር ካያችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያዎቹ 240ዎች ከፋብሪካም በእጅ የሚሳብ ማጥፊያ ነበራቸው፣ የኋለኞቹ ግን በቁልፍ ነው የሚጠፉት። ቁልፉ ወጥቶም ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ቫኪዩሙ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ ጤንነት። ናፍጣ የሚፈተነው በጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ እንደደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይና ራዲያተሩ ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። የሞቀ ናፍጣ ያለቀ ፋሻም (የፒስተን ቀለበት) ቢኖረው ይነሳል፣ ቀዝቃዛው ግን አይዋሽም። ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ እየዞረ ነጭ ጭስ ብቻ የሚተፋ ከሆነ ወይ ካንዴሌታው ተቃጥሏል ወይ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ወርዷል። እስከ 1979 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተሠሩት ካንዴሌታቸው በተከታታይ የተገናኘ ስለሆነ አንዷ ከተቃጠለች ሁሉም ሥራ ያቆማሉ። ይህ ቀላል ጥገና ነው። የኮምፕሬሽኑ ግን ሞተር መፍታት ነው።

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፤ ዘሎ ከወደቀ ፋሻው አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞላ ስላለ ጠዋት ላይ ዘይቱ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ከሆነ ጠርጥሩ።

ከዚያ መካኒክ ይዛችሁ ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ የናፍጣ መለኪያ ባለው ጋራዥ። የቤንዚኑ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። በፋብሪካው መጽሐፍ አዲስ ሞተር 22 እስከ 24 ባር፣ ዝቅተኛው 15 ባር ነው፤ ቁጥሩ ግን ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጤነኛው ሞተር 17 ወይም 18 ቢያሳይ አትደንግጡ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ3 ባር በላይ ልዩነት ካለ ግን አትግዙ። ቫልቮቹ ሳይስተካከሉ ከርመውም ኮምፕሬሽን ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክፍተቱ ይለካ፦ ማስገቢያው 0.10፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር።

«ነዳጅ ትቆጥባለች» የሚለውንም አስሉት። 240 ናፍጣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ9 እስከ 10 ሊትር፣ ቤንዚን 200 ከ12 እስከ 13 ሊትር ይፈልጋሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ናፍጣ በሊትር 98 ብር ከ98፣ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ነበር። በዚያ ዋጋ በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ልዩነቱ በአማካይ 20 ሺህ ብር አይሞላም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ አውጥታችሁ 2,000 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁማ 6,500 ብር ገደማ ነው። ለናፍጣነቷ 200 ሺህ ብር ከተጨመረባት ያንን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቁጠሩት፤ በዚያ መሃል የናፍጣው ፓምፕ አንዴ ከታደሰ ሒሳቡ ፈረሰ። ጉልበትም አታገኙም፤ 240 አዲስ ሳለች እንደተሠራችበት ዘመን 65 ወይም 72 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ሩቡን አየሩ ይወስድባታል። ለሳምንት መጨረሻ መኪና የሚፈልግ ሰው ንጹሕ ቤንዚን 200 ቢገዛ ይሻለዋል። ካርቡሬተሯ ውስጥ ያለው የጎማ ሽፋን ተቀዶ ብትንተፋተፍ እንኳ የሚቀየረው አንድ ላስቲክ ነው።

ቀብድን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ገንዘቡ ይቀርበታል። ስለዚህ ፍተሻው ሳያልቅ አትክፈሉ። አስቸኳይ ነው ብለው ካጣደፏችሁም ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይጻፍ፤ ከሊብሬው ጋር ሳይገጥም ቢቀር ወይም ስም ማዞሩ በዚህ ምክንያት ቢከለከል ሻጩ ቀብዱን እንደሚመልስ በግልጽ ይስፈር፣ ደላላውም ምስክር ሆኖ ይፈርም።