ከሁለት ሜትር በታች፦ ጣራው የሚነሳው ካምፐርቫኔ ከወራት በኋላ

ካምፐርቫን፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበት ቫን፣ ለመግዛት ስትሄዱ የሚያሳዩአችሁ አልጋውን፣ ምድጃውንና ፍሪጁን ነው። እኔ ግን ወራት ከነዳሁት በኋላ፣ ስለ መኪናዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቀድሜ የማወራው ስለ ጣራው ቁመት ነው። አልጋው ለሌሊት ነው። የጣራው ቁመት ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል። የት ገብቼ እንደማቆምና ከየትኛው በር እንደምመለስ የሚወስነው እሱ ነው።

መኪናዬ መካከለኛ ቫን ናት። ጣራዋ ሲያስፈልግ ይነሳል፣ ሲበቃ ይተኛል፤ ፖፕ ቶፕ የሚባለው ዓይነት ነው። ጣራው ሲተኛ ቁመቷ 1.99 ሜትር እንደሆነ መመሪያ ደብተሩ ይናገራል። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፎልክስዋገን ካሊፎርኒያ ቲ6.1ም 1.99 ሜትር ነው። መርሴዲስ ማርኮ ፖሎ ደግሞ 1.98 አካባቢ ነው። ሁሉም ከ2 ሜትር በታች ለመቅረት የሚታገሉት ወደው አይደለም። ብዙ የምድር ቤት ፓርኪንጎች የሚፈቅዱት 2 ሜትር ወይም 2.10 ነው። በፈረንሳይ የክፍያ አውራ ጎዳናዎች ላይም ከ2 ሜትር የማይበልጥና ከ3.5 ቶን የማይከብድ መኪና እንደ ማንኛውም የቤት መኪና በአንደኛ ክፍል ይከፍላል። ከ2 ሜትር ካለፈ ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዛወራል።

ውስጡ ቆመው የሚሄዱበት፣ ቋሚ ረጅም ጣራ ያለው ካምፐር ሌላ ዓለም ነው። በፊያት ዱካቶ ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ 2.6 ሜትር አካባቢ ናቸው። የፎልክስዋገን ግራንድ ካሊፎርኒያ 600 ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። እነሱ ጣራ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ የመግባት ነገር የላቸውም። እኔ ሌላ መኪና የለኝም። ሥራ የምሄደውም፣ ልጆች የማመላልሰውም፣ ለሽርሽር የምወጣውም በዚችው ነው። ለዚህ ነው ዝቅተኛውን የመረጥኩት፤ አሁንም ቢሆን እሱኑ እመርጣለሁ።

ነገር ግን 1.99 የሚለውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑ። እኔ እንዳገኘኋት ሳምንት ራሴ ለካኋት። አለካኩ ቀላል ነው። መኪናዋን የተስተካከለ ሜዳ ላይ አቆምኩ። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ከጣራው ከፍተኛ ቦታ ላይ አጋደምኩና በውሃ ልክ አስተካከልኩት። ከዚያ ከጣውላው ሥር እስከ መሬት በሜትር ለካሁ። ባዶዋን 2.01 ወጣች። ሰውና ዕቃ ሲሞላባት፣ የውሃ ማጠራቀሚያዋም ሲሞላ፣ ወደ 1.99 ወረደች። ባዶዋን ከመመሪያ ደብተሩ ቁጥር ያስበለጣት ጎማው ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ከመደበኛው ከፍ ያሉ ጎማዎች አስገብቶባታል። የጎማው ዲያሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር ካደገ ጣራው በ2 ሴንቲ ሜትር ይነሳል። ሌላ ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም። እዚህ ግን ሙሉውን ጥቅም ይበላዋል። ያገለገለ ካምፐር የምትገዙ ከሆነ ከሞተሩ እኩል ጎማው ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ።

ልብ በሉ፣ መኪናዋ ከፍ የምትለው ባዶ ስትሆን ነው። ከጉዞ ተመልሳችሁ ዕቃውን አራግፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ብቻችሁን ስትነዱ ማለት ነው። ስለዚህ መያዝ ያለበት ቁጥር የባዶዋ ነው። እኔ 2.01 ብዬ በትልቁ ጽፌ ከመሪው በላይ ባለው የፀሐይ መከለያ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ በጫማና በኢንች ጽፌዋለሁ፦ 6 ጫማ ከ7 ኢንች ከምናምን። ፓርኪንግ መግቢያ ላይ የሚፈቀደውን ቁመት በጫማ የሚገልጹ ሰሌዳዎች ያደናግራሉ። 6 ጫማ ከ6 ኢንች 1.98 ሜትር ብቻ ነው። 7 ጫማ ደግሞ 2.13 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የጥቂት ኢንች ልዩነት፣ ከኋላችሁ መኪና ተሰልፎ እያለ በጭንቅላት የሚሰላ ሒሳብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የተስተካከለ ወለል ላይ ላለ መኪና ነው። ችግር የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ወለሉ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። መውረጃው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበትን ቦታ አስቡት። የፊት ጎማዎች ሜዳው ላይ ደርሰዋል። የኋላዎቹ ገና ቁልቁለቱ ላይ ናቸው። መኪናዋ በእጥፋቱ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግታለች። ያኔ የመኪናዋ ወገብ ከወለሉ ይርቃል፤ ጣራዋም አብሮ ይነሳል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከሆነና ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ፣ ከእጥፋቱ በላይ ያለው የጣራው ክፍል 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የእኔ 2.01 እዚያች ቦታ ላይ 2.12 ሆነ ማለት ነው። ቧንቧ ወይም የኮንክሪት ወራጅ በትክክል እዚያ ላይ ከወረደ፣ 2.10 የሚል ሰሌዳ አያድናችሁም።

በደንብ የተሠራ ፓርኪንግ ይህን አስቦበታል። ተዳፋቱን ቀስ በቀስ ያለዝበዋል፤ ከእጥፋቱ በላይ ያለውን ጣራም ከፍ ያደርገዋል። የቆዩትና የተጣበቡት ግን ይህ የላቸውም። አጭር መኪና ይህ ነገር ብዙም አይነካውም። የቫን ጎማዎች ስለሚራራቁ ነው ጣጣው። ስለዚህ ልማዴ የታወቀ ነው። የማላውቀው ቦታ ከሆነ እጥፋቱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። አብሮኝ ያለው ሰው ይወርድና ከጎን ያያል። ብቻዬን ከሆንኩ ከፍ ያለ ህዳግ ያለው ሌላ ፓርኪንግ እፈልጋለሁ። 2.00 የሚል ሰሌዳ ካለ ግን እስከነጭራሹ አልሞክረውም።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችም አሉ። አንዳንድ ቦታ ረጅም መኪና እንዳይገባ መግቢያው ላይ ከሚሰቀለው አግዳሚ ብረት ሥር በትክክል ያደርጓቸዋል። የፊት ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ጉብታ ላይ ሲወጣ የፊተኛው ጣራም ያንኑ ያህል ይነሳል። በፍጥነት ካለፋችሁት ደግሞ ሞላው ዘሎ ይጨምርበታል። በእግር ፍጥነት መሄድ ነው።

ስለ ብረቱ ካነሳን፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለውና የተበየደው አንድ አይደሉም። የተንጠለጠለው ሲነካችሁ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። የተበየደው ግን ጣራ ይቀድዳል። የእኔ ተነሺ ጣራ ደግሞ ፋይበርግላስ ነው። እንደ ብረት አይጎደጉድም፤ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ውሃ ያስገባል። ካምፐርቫን የምትከራዩም ብትሆኑ ውሉን አንብቡት። ብዙ አከራዮች የጣራ ጉዳትን ከኢንሹራንሱ ሽፋን ያስወጡታል።

እኔን ከልብ የሚያናድደኝ ጣራ የሌለው ሜዳ ፓርኪንግ በር ላይ የሚሰቀለው ብረት ነው። ውስጡ ሰማይ ብቻ ነው። ብረቱ የተሰቀለው ከባድ መኪናና አዳሪ ካምፐር እንዳይገባ ነው። ማደርን መከልከል ይቻላል፤ ይገባኛልም። ግን አንድ ሰዓት አቁሞ ልጆቹን ባሕር ዳር ሊያዝናና የመጣ ሰው ለምን ይመለሳል?

አሁን ጣራው ላይ ስለሚጫን ነገር። ካምፐርቫን ያለው ሰው ሁሉ ጣራው ላይ ነገር መጨመር ያምረዋል። ፖርቶ መጋላ፣ ሶላር፣ ፋን፣ ዕቃ መያዣ ሳጥን። ሳጥን ከነመሸከሚያው በቀላሉ 40 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ያኔ ዝቅተኛ ጣራ የመረጣችሁበት ምክንያት ሁሉ አበቃ። ጠንካራው ሶላር ከነመያዣው ጥቂት ሴንቲ ሜትሮችን ብቻ ነው የሚጨምረው። እኔ ጋ ግን ያለኝ ትርፍ ከዚያ ያነሰ ነው። በማጣበቂያ የሚለጠፈው ቀጭን ሶላር ከፍታ አይጨምርም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከሥሩ አየር ስለማይገባ ይግላል፤ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። እኔ ሁለቱንም ትቼ መሬት ላይ የሚዘረጋ ታጣፊ ሶላር ያዝኩ። መኪናዋ ጥላ ውስጥ ቆማ ሶላሩን ፀሐይ ላይ ማውጣት መቻሉን ወድጄዋለሁ። ብስክሌቶቹ ከኋላ ተሰቅለዋል። ጣራው ባዶ ነው፤ ባዶም ይሆናል።

ጣራውን መዝጋት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጣራው ሲነሳ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ የሚዘረጋው ሸራ ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ካልገባ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። መቆለፊያው ቢገጥምም እንኳ ጠርዙ ሊነሳ ይችላል። ስትዘጉ አንድ በር ወይም መስኮት ክፍት ተዉ፤ ውስጥ የታፈነው አየር ሸራውን ወደ ውጭ ይገፋዋልና። ዘግቼ ስጨርስ መኪናዋን ዞሬ በአራቱም ማዕዘን አያታለሁ። ሸራው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ቤት እንደደረስኩ ከፍቼ አደርቀዋለሁ፤ አለዚያ ይሻግታል።

የውስጡ ኑሮ? ደህና ነው። ምድጃውም ፍሪጁም ሥራቸውን ይሠራሉ። ጣራው ካልተነሳ ግን ጎንበስ ብሎ መኖር ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ ማንሳት አይቻልም። በብርድ ጊዜ ላይኛው አልጋ ላይ ሸራው ሙቀት አይዝም። በነፋስ ይንጫጫል። ክረምቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ለማደር የምታስቡ ከሆነ ይህ ዓይነት ለእናንተ አይደለም። ረጅሙን ግዙና መንገድ ዳር የማቆምን ኑሮ ተቀበሉ።

ከመውጣቴ በፊት የምሄድበትን ፓርኪንግ መግቢያ በጉግል ስትሪት ቪው አየዋለሁ። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በግልጽ ይነበባል። የተለመዱት የስልክ ካርታዎች ስለ መኪና ቁመት አይጠይቁም። ለካምፐር ተብለው የተሠሩት፣ ለምሳሌ የጋርሚን ካምፐር መሣሪያዎች፣ ቁመቱን ተቀብለው መንገድ ያወጣሉ። እነሱም ቢሆኑ የሚያስቡት ስለ ድልድይ እንጂ ፓርኪንግ ውስጥ ስላለው ቧንቧ አይደለም። አንድ ሌላ ነገር፦ ባለ ብዙ ፎቅ ፓርኪንግ ከሆነ መሬት ላይ ያለውን ፎቅ ጠይቁ። ከሌሎቹ ከፍ ሊል ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች ቫን የተመደበ ቦታና ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቢያንስ 98 ኢንች፣ ማለትም 2.49 ሜትር፣ መሆን አለበት። ቦታው የእነሱ ነው፤ አትያዙባቸው። ግን እሱ ባለበት ፎቅ ላይ ተራ ቦታ ካለ ለቫን ምቹ ነው። እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር ባቡር ለመሻገር የምታስቡ ደግሞ ወሰኑ 1.85 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሆነ መኪና ባለ አንድ ፎቅ ፉርጎ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ ትክክለኛውን ቁመት ጻፉ።

ቀጣዩ ሥራዬ ጎማው ነው። የገቡት ጎማዎች ጥርሳቸው ሲያልቅ ወደ ፋብሪካው መጠን እመልሳቸዋለሁ። ያኔ እንደገና በጣውላና በውሃ ልክ እለካታለሁ። የፀሐይ መከለያው ላይ ያለውን ወረቀትም እቀይራለሁ።