የገና ዛፍ ጌጥ፦ በካርቶን የሚሸጥ ኳስ፣ ሰልባጅ ወይስ የመንዝ ሱፍ?

ኅዳር ጽዮን ካለፈ ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። «ኳሱን ከየት እንግዛ? ካርቶኑ ዘንድሮ ስንት ገባ? ያንቺ ዛፍ ላይ ያየነው የሱፍ ነገር ይሸጣል ወይ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ከወዲሁ እንድታውቁት ግን፣ እኔ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም፤ ለሱፍ አደላለሁ። የማደላበትን ምክንያት ብር በብር እቆጥራለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ኳስ የያዘ ካርቶን 250 ብር ይሉታል። ተከራክሮ በ220 የሚወስድ አለ፤ ጠባሴ መንገድ ዳር ደግሞ 300 ብለው ፍንክች የማይሉ አሉ። የሰው ቁመት ያለው ዛፍ ራቁቱን እንዳይመስል ቢያንስ 40 ጌጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰባት ካርቶን፣ 1,750 ብር። ብልጭልጩን ገመድ አንዱን በ100 ብር ሦስት ስትጨምሩበት 2,050 ደረሰ። ኮከቡና መብራቱ ገና አልተነኩም።

ለዚህ ብር የምታገኙት ምንድን ነው? የብርጭቆ ኳስ ዝናውን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ጀርመን አገር ላውሻ በምትባል የብርጭቆ ሠሪዎች ከተማ ነው። እኛ ገበያ ላይ ያለው ግን የዚያ ቅጂ ቅጂ ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ላይ የተረጨ ቀለም። ሻጩ ዞር ሲል በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ቀለሙ ከጥፍራችሁ ሥር ከገባ ካርቶኑን መልሱ። ቀጥሎ ቆቡን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉ፤ ከላላ ኳሱ ከዛፉ ላይ እየወደቀ ሳሎናችሁን ሲዞር ይከርማል። በማስቲሽ እናጣብቀዋለን ብላችሁ አትድከሙ፤ ማስቲሹ ራሱ ቀለሙን ይበላዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አምና ስምንት ካርቶን ገዝታ፣ በዓሉ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣ ነበር። ዘንድሮ ስታወርደው ኳሶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ስታላቅቃቸው የአንዱ ቀለም በሌላው ላይ ቀረ። 2,000 ብር ለአንድ ገና መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሱፉ። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ በኩል የሚመጣ ጥሬ ሱፍ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ሠሪዎች ጋ ይገኛል፤ ግማሽ ኪሎውን በ150 ብር ወስጃለሁ። የታጠበና የተነደፈ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ግዙ፤ ጥሬው ጭቃና እሾህ አለበት፣ ሲታጠብም ክብደቱ ብዙ ይቀንሳል። አሠራሩ ቀላል ነው። የተነደፈውን ሱፍ በትኩስ የሳሙና ውሃ እየነከሩ በመዳፍ እንደ ጭብጦ ማድቦልቦል። መጀመሪያ ላይ ይላላል፣ ይበታተናል፣ ተስፋ ያስቆርጣል። ማሸት ሲቀጥል ፀጉሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጠብቅና ድንገት ጠጠር ይላል። ከዚያ ምድጃ አጠገብ ማድረቅ፣ በመርፌ ክር ማሳለፍ፣ አለቀ። የመንዝ በግ ነጭም ጥቁርም ቡኒም ስለሆነ ማቅለሚያ አያስፈልግም። ቀይ ሳይኖርበት አይሆንም ካላችሁ ስጋጃ ከሚሠሩ ሰዎች የተረፈ ቁራጭ ፈትል ለምኑና ላዩ ላይ ጠምጥሙት፤ እኔ ከፍዬበት አላውቅም።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ ሱፍ 150፣ ሳሙና 40፣ ክር 30፤ በድምሩ 220 ብር። 40 ኳስ ሲወጣው አንዱ አምስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም መሆኑ ነው። የካርቶኑ አንድ ኳስ 41 ብር ከምናምን ነው። በዚያ ላይ የሱፉ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ልጅ ቢረግጠው አይከፋውም፣ ድመት ብትጫወትበት ይታጠባል።

ጊዜ የሌለው ተሠርቶ የተዘጋጀ ይገዛል፤ አንዱ ከ50 እስከ 60 ብር ነው። ማጭበርበሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በዓል ሲቃረብ «የመንዝ ሱፍ ነው» እየተባለ ስፖንጅ ላይ የተጠመጠመ የፋብሪካ ክር ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዘለላ ነቅላችሁ በክብሪት አቃጥሉ። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። የፋብሪካው ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። አይሞከርም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሱፍ ሁለት ጉድለት አለው፤ አልደብቅም። በደንብ ካልታጠበ ብል ይገባበታል፤ ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ ፀሐይ አስመትታችሁ አፉ በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ አስቀምጡት። ሌላው፣ አያብረቀርቅም። ዛፉ ላይ ሱፍ ብቻ ከሰቀላችሁ ቤቱ በቀን ያምርና ማታ ይደበዝዛል።

ሰልባጅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰልባጅ ተራ ስትሄዱ የገና ጌጥ አትፈልጉ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ፈልጉ። ጥንዱ የጠፋ ጉትቻ፣ የተበጠሰ የአንገት ዶቃ፣ ፈርጥ የተሰፋበት የሠርግ ቀሚስ፣ ትልልቅ የካፖርት ቁልፍ። አንዷን ሻጭ ጥንድ የሌላቸውን ጉትቻዎች ስጠይቃት «ልጄ፣ አንድ ጆሮ ነው እንዴ ያለሽ?» ብላ ስቃ እፍኝ ሙሉ በ50 ብር አፈሰሰችልኝ። ለገና ዛፍ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ወዲያው ይንር ነበር፤ እናንተም አትናገሩ። ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ልብስ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ቁልፉን ቆርጣችሁ አስቀሩ።

በሰልባጅ የማይገዛ ነገር ቢኖር መብራት ነው። አሮጌው ዓይነት አምፖሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል፤ የቱ እንደተቃጠለ ስትፈልጉ በዓሉ ያልፋል። ይሞቃልም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ደግሞ የባሰ ነው፤ የነሱ 120 ቮልት፣ የኛ 220። ጽሑፉን ሳታዩ ከሰካችሁት አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ያበቃል። ለዚህ ሲሉ ትራንስፎርመር መግዛት ከአዲስ መብራት ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ኤልኢዲ፣ ሽቦው ወፈር ያለ፣ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ የተሞከረ። እኔ 450 ብር ከፍያለሁ፤ 250 የሚሉት አለ፣ ግን መብራት ሲዋዥቅ ብልጭ ድርግም የምታደርገው ትንሽዬ ሳጥን ቀድማ ትሞታለች። ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት «አዲስ ግዙ» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው።

በረዶ እንዲመስል ባዘቶ ዛፉ ላይ የምትበትኑ ሰዎች፣ እባካችሁ በአሮጌ አምፖል ወይም በጧፍ አጠገብ አታድርጉት። ጥጥ ወዲያው ይያያዛል፤ የደረቀ ጥድም ሙጫ ስላለው እሳቱን ያግዛል። ሱፍ በቀላሉ እሳት አይዝም፤ ቢነካው ይጨረጨራል እንጂ አይንቦለቦልም። ለበረዶም ነጩን ሱፍ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት።

ስለ ዛፉ ራሱ ብዙ አልልም። የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ግቢው ውስጥ ካለው ሰው ግዙ፤ የሀበሻውን ጥድ ከወፍ ዋሻ ደን ቆርጦ ከሚያመጣ አትግዙ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

የእንቁላል ቅርፊት ቀብቶ መስቀል የምትወዱ፣ ለከርሞ ቅርፊቱን ከኅዳር 15 በፊት አጠራቅሙ፤ ጾሙ ከገባ በኋላ የምትለምኑት ጎረቤት አታገኙም።

ለዓይን ማረፊያ ትንንሽ መሶብ ከፈለጋችሁ ስድስት ይበቃል። በአለላ የተሰፋ፣ ቡጢ የምታህል፣ አንዷ 100 ብር ነች። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱና ጠረግ አድርጓት፤ ቀለም ከለቀቀች በሚቀጥለው ዓመት አመድ ትመስላለች። ጥሩ መሶብ ሰፊ የምታውቁ ለከርሞ ከጥቅምት ጀምራችሁ እዘዙ፤ ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያዝዝ ዋጋው 150 ይገባል። መብራቱን ግን ገና ታኅሣሥ 29 እስኪያልፍ ጠብቃችሁ ለቀጣዩ ዓመት ብትገዙት ይሻላል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለሱቆቹ ዕቃው እንዳይከርምባቸው ያወርዱታል፤ ያንኑ የ450 ብሩን በ300 የወሰደ ሰው አውቃለሁ።