የዳላሱ ስድስተኛ ፎቅ ሙዚየም አሪፍ ነው፣ ጥይቷ ግን...

ዳላስ ዘመድ ጥየቃ ከሄዳችሁ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 የተገደሉበትን ቦታ ቁልቁል የሚያየውን ሙዚየም እንዳታልፉት። በግድያው የተከሰሰው ኦስዋልድ ተኮሰበት የተባለው የጥግ መስኮት በመስታወት ታጥሯል። ካርቶኖቹ ግን አምሳያ ናቸው፣ ዋናው ጠመንጃም ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። እኔን የከነከነኝ የጥይቷ ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱንና አብረዋቸው መኪናው ውስጥ የነበሩትን የቴክሳስ አገረ ገዢ ኮናሊን አቋርጣ፣ የጎድን አጥንትና የእጅ አንጓ ሰብራ፣ ጫፏ እንኳ ሳይጣመም ፓርክላንድ ሆስፒታል ባለጎማ አልጋ ላይ ተገኘች ነው የሚባለው። ከኋላዋ ብቻ ትንሽ ጠፍጠፍ ብላለች። ያገኛት ሠራተኛ ከየትኛው አልጋ እንደወደቀች እርግጠኛ አልነበረም። ተቀይራለች ለማለት አልደፍርም፣ ግን እንዲህ የተዝረከረከ ርክክብ ይዞ ፍርድ ቤት መቆም የተከሳሽ ጠበቃን በደስታ ያስፈነድቃል። የድምፅ ማብራሪያውን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ።