ባለ ቫልቭ ሬዲዮ፦ የጀርመኑ ይሻላል ወይስ የአሜሪካው?

በቫልቭ፣ ማለትም አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ፣ የሚሠራ የድሮ ሬዲዮ ልትገዙ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የጣቢያ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን መስታወት እዩ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ አብዛኞቹ የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍኤማቸው 100 ላይ ያበቃል። ፋና 98.1 ይገባል፣ ሸገር 102.1 አይገባም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከፍዬ ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው።

ለድምፅ ከሆነ ግን ጀርመኖቹን ምረጡ። ሳባ ፍራይቡርግ አውቶማቲክን ከአሜሪካው ዜኒት ትራንስ ኦሽኒክ ጋር ጎን ለጎን አዳምጫለሁ። ሳባ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ከፊት ትልቅ ስፒከር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ትንንሾች አሉት። ክራር ሲመታ ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይታወቅም። ዜኒት እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠል ባለ አንድ ስፒከር ነው። ወሬ ጥርት አድርጎ ያሰማል፣ ሙዚቃ ላይ ግን ይደርቃል። ኤፍኤምም የለውም። ጉልበቱ አጭር ሞገድ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ባንድ ሰፋ ተደርጎ ስለተዘረጋ ማታ ማታ የሩቅ ጣቢያ መለየት አያስቸግርም።

ሳባ ውስጥ ጣቢያ የሚፈልግ ሞተር አለ። ቁልፉን ስትነኩት መርፌው ብቻውን ይሄድና ጣቢያ ሲያገኝ ቀጥ ይላል። ያምራል! ከተበላሸ ግን የሚጠግነው ሰው ማግኘት መከራ ነው። ይህን የፈራ ሌላውን የጀርመን ሬዲዮ ግሩንዲግን ይግዛ፣ በድምፅ ብዙም አይጎዳም። ዜኒትም የራሱ ጣጣ አለው፦ 1ኤል6 የምትባለው ቫልቩ ከሞተች ምትኳ ውድ ነው።

የኮረንቲውን ነገር አደራ። ጀርመኖቹ 220 ቮልት ይቀበላሉ፣ ብቻ ከጀርባ ያለው የቮልት መምረጫ በትክክል መቀመጡን እዩ። አሜሪካኖቹ የ110 ናቸው፣ ያለ መቀነሻ ከሰካችኋቸው ይቃጠላሉ። ትንንሾቹ የፕላስቲክ ሬዲዮዎች ደግሞ ብዙዎቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የውስጥ ብረታቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። የአንዷ ቁልፍ ወልቆ ብረቱን ብትነኩ ሊገድላችሁ ይችላል። ልጅ ያለበት ቤት አላስገባቸውም።

ሻጩ «ታድሷል» ካለ የጀርባውን ክዳን አስከፍቱት። የድሮዎቹ የወረቀት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች) ካልተቀየሩ አትሰኩት፤ አንዱ ብቻ ኮረንቲ ካፈሰሰ የድምፅ ቫልቩን ይዞት ይሄዳል። ጣቢያው በደንብ መያዙን የምታሳየው አረንጓዴዋ የጣቢያ ዓይን ብትደበዝዝ ግን አትደንግጡ። ድምፁን አትነካም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ደግሞ ጥሩ ሰበብ ናት።